የግራ እግሬ ግብር

ግራ እግሬን ድብ ባሕር የምትባል ከተማ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ቆረጠው። ባለመኪናው ፍርድ ቤት ሲያመላልሰኝ ከርሞ በስተመጨረሻ ታረቀኝና ካሳ ከፈለኝ፤ ሲሶውን ግን ጠበቃዬ ወሰደው። ጉዳዩ አለቀ ብዬ ደባርቅ ቤቴ ስቀመጥ፣ ከግብር መሥሪያ ቤት በቀበሌ በኩል መጥሪያ መጣ። በክራንች እየተንገዳገድኩ ሄድኩ።

ካኪ የለበሰ፣ ለዛ ያለው ሰው ወንበር ሰጠኝና፣ «ጓድ፣ ካሳውን ገቢ ብለን ይዘነዋል። ግብሩ በሙሉው ላይ ነው» አለኝ።

«ሲሶውን እኮ ጠበቃው ነው የበላው» አልኩት።

«ለእሱ የከፈሉት የራስዎ ጉዳይ ነው። እሱንም በድርሻው ለብቻ እናስከፍለዋለን።»

አንዱ ገንዘብ ሁለቴ ሊገበርበት ነው። ሰውየው ግን የግብር ቅጽ አውጥቶ መሙላት ጀምሯል። «የገቢው ምንጭ» አለ ለራሱ፤ ጥቂት አሰበና «እግር» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ለመጪው ዓመትስ ከዚሁ ምንጭ ስንት ያገኛሉ ብለን እንገምት?» አለኝ።

የቀረችኝን እግር ቀስ ብዬ ወንበሩ ሥር ደበቅኋት።