ሳላዳላ የሠራሁት ሹራብ

እናንተው ፍረዱኝ። ባለቤቴ ያለው ደብረ ብርሃን፣ እኔ የማስተምረው ባምባሲ፤ ዝውውሬን የሚያዩት ደግሞ አሶሳ ያሉ ሦስት የኮሚቴ አባላት ናቸው። መርፌና ክር ከእጄ እንደማይለይ ሰምተው ሊቀመንበሩ ለሚወለደው ልጃቸው ኮፍያ፣ ጸሐፊዋ ሻል፣ ሦስተኛው ለእናቱ ሹራብ አዘዙኝ። የአንዱ ቀድሞ ካለቀ ሌሎቹ ይቀየሙኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ በፍትሕ ልሠራ ወሰንኩ፤ ለእያንዳንዳቸው በየተራ አንድ አንድ ረድፍ። ፈተና እያረምኩ፣ ወጥ እያማሰልኩ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር። አማርኛ ብዙም የማይቀናቸው አከራዬ እትዬ ሐዋ ግን ሳቁብኝ፦ «ወላሂ መምህርት፣ አንድ ጨርስ! ልጅ ይመጣል፣ ኮፍያ የለም!»

ልጁ እውነትም መጣ። አሶሳ ቢሮ ስጠራ ሥራዬን በፌስታል ይዤ ገባሁ። ሦስቱም ተቀምጠዋል።

«እንኳን ማርያም ማረችልዎ» አልኩ።

«ኮፍያውስ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

ያላለቀ ኮፍያ፣ ያላለቀ ሻል፣ ያላለቀ ሹራብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ «ላለማዳላት ብዬ ነው ጋሼ» አልኩና አሠራሬን አስረዳሁ። እርስ በርስ ተያዩ። ሊቆጡ ነው ብዬ ክሮቼን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ጎበዝ!» አሉ ሊቀመንበሩ ፊታቸው በርቶ። «እኛም እኮ እንደዚሁ ነን። ላለማዳላት በየስብሰባው ከሁሉም ማመልከቻ አንድ አንድ ገጽ እናነባለን። ያንቺም ተጀምሯል።»

ከዚያ ወጥቼ ባምባሲ እስክደርስ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳላሁ፤ ከኮፍያው በቀር ሌላ ክር አልነካሁም።