ለቂብላ ጀርባውን ስለሰጠው መቀመጫ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ኩልሱም አባቦር
ዕድሜ፦ 68 ዓመት
አድራሻ፦ ጅማ ከተማ፣ አወቱ መንደራ ቀበሌ
ሥራ፦ ቀድሞ የኮረሪማ ነጋዴ፣ አሁን በቤት የሚኖሩ
ቀን፦ ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ጉዳዩ፦ ንብረት ማበላሸት
ከሳሽ፦ አቶ ኢርፋን ሙሐዲን
ተጠርጣሪ፦ አቶ ፈይሳ ደበላ፣ የቧንቧ ሠራተኛ
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ወርቂቱ ገለታ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ በመኖሪያ ቤቴ ውስጥ በሚሠራው መታጠቢያ ቤት ላይ ደረሰ ስለተባለው ጉዳት የማውቀውን እንድናገር በከሳሽ ተቆጥሬ ጣቢያ ቀርቤያለሁ። ከተጠርጣሪው ጋር ዝምድና እንዳለኝ ተጠይቄ የለኝም ብያለሁ። ከከሳሹ ጋር ዝምድና እንዳለኝ ተጠይቄ ወልጄዋለሁ ብያለሁ። ከሁለቱ ከአንዳቸው ጋር ጠብ እንዳለኝ ስጠየቅም ከከሳሹ ጋር ከትናንት ጀምሮ አለኝ ብዬ መልሻለሁ። ቃል ተቀባይዋ ይህኛው ይቅር ወይ ብላኝ ነበር፤ ይጻፍ ብያለሁ።

ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ጓሮ ባለው በድሮው ሽንት ቤት ቁጢጥ ብዬ መነሳት ከብዶኛል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃው አለ። ልጄ ኢርፋን አዲስ አበባ የሕንፃ ዕቃ ይነግዳል። ይህን ሲያይ ከመኝታዬ አጠገብ ያለውን የዕቃ ክፍል መታጠቢያ ቤት አደርግልሻለሁ አለኝ። ሴራሚኩን፣ የእጅ መታጠቢያውን፣ ሻወሩንና ነጩን የሽንት ቤት መቀመጫ ራሱ ገዝቶ በመኪና አስጭኖ ላከ። «እማዬ፣ ስጦታዬ ነው» ብሎኛል። መርቄዋለሁ፤ ምርቃቴን እስከዛሬ አላነሳሁም።

ሥራውን የያዘው ፈይሳ ነው። ፈይሳ የሰርቦ ልጅ ነው፤ እምነቱ ፕሮቴስታንት ነው። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ገና ዕቃውን ሳያወርድ «ሀርሜ ኮ፣ ቂብላችሁ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሀርሜ ኮ ያለኝ በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው። እኛ አገር ሽንት ቤት የሚተክል ሰው፣ እምነቱ ምንም ይሁን ምን፣ በሙስሊም ቤት ወለል ከመቁረጡ በፊት የሚሰገድበትን አቅጣጫ ይጠይቃል። ወደ ሰሜን በእጄ አሳየሁት። ልጄንም በስልክ ወደ ቂብላ እንዳይዞር ብዬ አስጠነቀቅኩት። ከዚያ የእህቴ የናኢማ ባል ስለሞተ ለለቅሶ ሰርቦ ሄጄ ሰነበትኩ።

እኔ በሌለሁበት የሆነውን ያወቅኩት ኋላ ነው። ልጄ አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልኩ የላከው ፕላን መቀመጫውን ፊት ለፊት ወደ ሰሜን ያደርገው ነበር። ፈይሳ ደውሎ እናትህ በዚህ በኩል አይሁን ብለዋል ሲለው፣ ልጄ «በቃ ገልብጠው» አለው። ፈይሳም ገለበጠው። እንግዲህ የሚቀመጥበት ሰው ለቂብላ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ይሰጣል ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ሲጸዳዱ ለቂብላ ፊት መስጠትም ጀርባ መስጠትም ያው ነውር ነው፤ ወደ ጎን ነው የሚኮነው። ፈይሳ ይህን ባያውቅ አልፈርድበትም። ልጄን ግን መድረሳ አስተምሬዋለሁ። ሁለቱም ነገሩን ያስተካከሉ መስሏቸው ሴራሚኩን አልብሰው፣ ሲሚንቶውን አድርቀው ጨረሱ።

ቅዳሜ ኅዳር 7 ቀን ረፋድ ላይ ከሰርቦ ተመለስኩ። ክፍሉ አምሮ ነበር፤ ይህን አልክድም። መቀመጫውን ሳየው ግን አስተግፊሩላህ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ባለቤቴ ሙሐዲን፣ አላህ ይዘንለትና፣ እድሜውን ሙሉ ወደዚያ ግድግዳ ዞሮ የሰገደበት ቤት ነው። ልጄ ጋ ደወልኩ። እሱም በግድግዳ የተከለለ ቤት ውስጥ ከሆነ ይፈቀዳል የሚሉ ዑለማዎች አሉ አለኝ። እኔም አላመንኩትምና የሰፈራችንን ሼህ ሄጄ ጠየቅኩ። ሼሁም እውነት ነው፣ ይፈቀዳል የሚሉ አሉ አሉኝ። «ይፈቀዳል ማለት የግድ አድርጊው ማለት ነው ወይ?» አልኳቸው። «አይደለም» አሉ። «እንግዲያው አልፈልግም» ብያቸው ወጣሁ። ስቀው ሸኙኝ።

ልጄ ጋ ዳግመኛ ደውዬ ይዞርልኝ ስለው «ሰኞ እመጣለሁ፤ እስከዚያ አትነካኩት» አለኝ። በገዛ ቤቴ አትነካኩት ተባልኩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የቤቱ ካርታ በእኔ ስም ነው። በጣም ተናደድኩ፤ መናደዴም እንዲመዘገብ እፈልጋለሁ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፈይሳን አስጠራሁትና አዙረው አልኩት። እንደማይሆን ነገረኝ። መቀመጫው ወደ ጎን ይዙር ከተባለ የፍሳሽ ቱቦው አብሮ መዞር አለበት፤ ቱቦው ይዙር ከተባለ ደግሞ ወለሉ መቆረጥ አለበት፤ «የቀጠረኝ ኢርፋን ነው፤ እሱ ሳይፈቅድ አልችልም» አለ። ተለማመጠኝ፣ ቡና እንኳ አልጠጣም ብሎ ቆመ። መዶሻው ባልዲው ውስጥ ነበር። ቢስሚላህ ብዬ አነሳሁት። የመጀመሪያው ምት ወለሉ ላይ አረፈና ሴራሚኩን ሰነጠቀው። ሁለተኛው መቀመጫውን ከእግሩ በኩል አገኘው፤ እሱም ለሁለት ተከፈለ። ሦስተኛውን ሳነሳ ፈይሳ እጄን ያዘኝ።

በዚህ ጊዜ ቃል ተቀባይዋ አቁማኝ፣ የመጡት ለምስክርነት ነው፣ ይህን ካሉ እርስዎ ራስዎ ሊጠየቁ ይችላሉ ብላ አስረዳችኝ። ተረድቻለሁ። «ልጄ፣ ጻፊው» ብያታለሁ። በዚህ እድሜዎ መዶሻ ማንሳት ይችላሉ ወይ ተብዬ ስጠየቅም፣ አርባ ዓመት ኮረሪማ የወቀጥኩበት ክንድ ነው፣ መዶሻው አጠገብ ካለ አምጪውና ላሳይሽ ብያለሁ። መዶሻው አልመጣም።

ፈይሳ ከዚያ በኋላ ውኃውን ዘጋ፣ ስብርባሪውን ሰበሰበ፣ «አሁንማ ከተሰበረ አይቀር በሥርዓት ይሠራ» ብሎ ወለሉን ከፍቶ ቱቦውን ወደ ጎን ማዞር ጀመረ። ያን ያደረገው እኔ አዝዤው ነው። አንድም ነገር በገዛ ፈቃዱ አልሰበረም።

ትናንት ሰኞ ልጄ ከአዲስ አበባ መጣ። እኔ መኝታዬ ውስጥ ዙህር እየሰገድኩ ነበር። በግድግዳው ማዶ ሁሉንም እሰማለሁ። ልጄ «ማነው ይህን ያደረገው?» ብሎ ጮኸ። ፈይሳ «እኔ ነኝ» አለ። እኔ ሶላት ላይ ስለነበርኩ አላቋረጥኩም። አሰላምቼ ስወጣ ልጄ ፖሊስ ጠርቶ ፈይሳን ወስደውት ነበር። እውነቱን ያኔውኑ ለልጄ ነገርኩት። አላመነኝም። «እሱን ለማዳን ብለሽ ነው፤ አንቺ ይህን አታደርጊም» አለኝ። ዛሬ ጠዋት በመንገድ ላይም «እማዬ፣ ሰርቦ ነበርኩ በይና እንገላገል» ብሎኛል። የወለድኩት ልጅ በእኔ አፍ የውሸት ምስክርነት ሊያስገባ ፈለገ። ከተሰበረው መቀመጫ ይልቅ ያንገበገበኝ ይኼ ነው።

እዚህ እንደደረስኩ ፈይሳን ለማየት ተፈቅዶልኛል። ያደረበት ልብስ ሲሚንቶ እንደለበሰ ነው። ለምን ዋሸህ አልኩት። «ሀርሜ ኮ፣ እናትን ከልጇ አላጣላም ብዬ ነው» አለኝ። «እኔ ተጣልቼ ጨርሻለሁ፤ አንተ ውጣ» አልኩት። አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት፤ የሰው ልጅ በእኔ ክንድ ሥራ ታስሮ በማደሩ አፍሬ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ሴራሚኩንና መቀመጫውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ቤቱ የእኔ ነው። መቀመጫው ስጦታ ነው ተብሎ የተሰጠኝ ስለሆነ እሱም የእኔ ነው። የራስን ዕቃ መስበር ወንጀል ከሆነ ወንጀለኛዋ እዚህ ተቀምጣለች፣ ሌላ ሰው አትፈልጉ። አልጸጸትም፤ ነገ መልሰው ለቂብላ ጀርባ ቢያሰጡት ነገም እሰብረዋለሁ። ቃሌም ልጄ ተጠርቶ፣ ፊቴ ቆሞ እያለ ይነበብልኝ። ክሱ ይቀጥል የሚል ከሆነ የፈይሳ ስም ይሰረዝና በቦታው «ተጠርጣሪ ኩልሱም አባቦር፣ የከሳሽ እናት» ተብሎ ይጻፍ፤ እሱም ከሥሩ ይፈርም።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝ፣ ጤነኛ ሆኜ ነው። ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የተጨመረብኝም የተቀነሰብኝም የለም። ወላሂ እውነት ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ኩልሱም አባቦር

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ምስክሯ በጠየቁት መሠረት ቃሉ ከሳሽ በተገኙበት ተነብቧል። ከሳሽ እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ደፍተው አዳምጠዋል። የተጠርጣሪው ስም ምስክሯ ባሉት መልክ ተስተካክሎ ለከሳሽ ለፊርማ ቀርቦላቸዋል። እስክሪብቶውን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ከያዙ በኋላ ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀምጠዋል። ምስክሯም «ጎበዝ። በል አሁን ሂድና ፈይሳን ራስህ አስወጣው» ብለዋቸዋል።

ረዳት ሳጅን ወርቂቱ ገለታ (ፊርማ)

የከሳሽ ፊርማ፦ አልፈረሙም።