ዓይኔ ሳያየው አይጣልም

የዋናው መሥሪያ ቤት አሳንሰር ከተበላሸ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የሦስተኛው ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ አንድ ካርቶን ወተት ታቅፋ ደረጃውን ስትወጣ፣ ወደ ስብሰባ ከሚወርዱት አጎቷ ጋር መንገድ ላይ ተገጣጠመች። አጎቷ የዘጠኝ ሱፐርማርኬቶች ዋና ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ሠራተኞቹ ግን በሌሉበት «ዓይኔ ሳያየው» ይሏቸዋል፤ የተበላሸ ዕቃ እሳቸው አይተው ካልፈረሙ አይጣልምና።

«ጋሼ፣ ወደ እርስዎ እየመጣሁ ነበር። ትናንት ለአንዲት እናት የኮመጠጠ ወተት ሸጥን።»

«እንዴት ተደርጎ?»

«እርስዎን ሲጠብቅ ነዋ። ከሰኞ ጀምሮ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ከደህናው ጎን ተቀምጦ ፊርማዎን ይጠብቃል። የማታው ተረኛ ሳያውቅ አንስቶ ለሽያጭ ደረደረው። ደግነቱ ሴትዮዋ ለልጇ ከመስጠቷ በፊት አሸተተችው።»

«ተረኛውን ቅጪው።»

ይቺ መልስ አንገበገበቻት። ይህንኑ የፊርማ ጉዳይ በዚህ ዓመት ብቻ አራት ጊዜ አንስታለች፤ አራቱንም ጊዜ አንድ ታሪክ ሰምታ ተመልሳለች። አሁንም ታሪኩ እንደሚመጣ አወቀች። መጣም።

«ስሚ ልጄ። እኔ እዚህ ድርጅት የገባሁት በተሸካሚነት ነው። ያኔ ያለን አንድ ሱቅ ነበር። የመጋዘን ኃላፊው ‹ነቅዟል› ብሎ የሚያስወጣውን ዱቄት አንድ ቀን ጆንያውን ፈትቼ፣ እጄን ሰድጄ አየሁት። ደህና ዱቄት። በጓሮ በር እያወጣ ይቸበችበው ኖሯል። እሱ ተባረረ፣ እኔ ቦታውን ያዝኩ። ከዚያ ግዢ ክፍል፣ ከዚያም እዚህ ደረስኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ደግሞስ ለእህቴ ልጅ ብፈቅድ ሌላው ምን ይለኛል?»

«ለእኔ ብቻ መች አልኩ? ለዘጠኙም ነው። በየቅርንጫፉ አንድ ከሽያጭ፣ አንድ ከመጋዘን ሆነው አብረው ይፈትሹ፣ ይመዝግቡ፣ በዕለቱ ይጣሉት። እርስዎ ደግሞ ሳይታሰብ ብቅ እያሉ ይዩዋቸው።»

«ሁለቱ ከተስማሙስ?»

«አንድ ሰው ዘጠኝ ቦታ ካልደረሰስ?»

«እደርሳለሁ። እስከ ዛሬ ደርሻለሁ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አጎቷ ግን ሞኝ አይደሉም፤ የሚያናድዳትም ይኸው ነው። ሰው ለወግ ማዕረግ ያበቃውን ደንብ ያመሰግነዋል እንጂ መች ይመረምረዋል? መልቀቂያዋን ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች፤ ዛሬም እምቢ ካሉ ልትሰጣቸው ቆርጣለች። ከገንዘብ ተቀባይነት ተነስታ በአሥራ አንድ ዓመት የደረሰችበትን ሥራ መተው ያማታል። የሰው ልጅ እየመረዘች መቀጠል ግን አልቻለችም።

«እንግዲያው ይህን ይፈርሙልኝ» አለች፣ የማስወገጃ ቅጹን ካርቶኑ ላይ አድርጋ። «አሥራ ሁለት ሊትር፣ የተበላሸ።»

ሰዓታቸውን አዩ። እስክሪብቶ አወጡና እዚያው እንደቆሙ ፈረሙ።

«አዩት?»

«ምኑን?»

ካርቶኑን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው፤ አንዱን ፓኬት አንስታም ሰጠቻቸው። «ዛሬ ጠዋት የተረከብነው ነው። ያ የመጋዘን ኃላፊ ዛሬ ቢኖር የጓሮ በር ባላስፈለገው። እርስዎ ፈርመውለት በዋናው በር ይወጣ ነበር።»

አጎቷ ቀኑን አነበቡ። አላመኑም። ፓኬቱን ቀደው መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ቀመሱት፤ እንደዚያ ጊዜው ዱቄት ደህና ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ስንቱን እንዲህ ፈርሜያለሁ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። እርስዎም አያውቁም።»

ፓኬቱን አጠገባቸው አስቀመጡና በጣታቸው እየቆጠሩ ያስረዷት ጀመር። በየቅርንጫፉ ሁለት ሰው ቢመደብ የተበላሸው እዚያው ቀን ይጣላል። ከደህናው ጋር አይቀላቀልም፤ ደንበኛም ሳይሰጋ ይገዛል። ሠራተኛው መታመኑን ሲያውቅ ኃላፊነት ይሰማዋል፤ እሳቸውም ከወረቀት ተላቀው እንደ ድሮው እጃቸውን ጆንያ ውስጥ ይሰዳሉ። ያስረዷት የራሷን ሐሳብ ለራሷ ነው፣ ያውም እሷ መረዳት ትንሽ የቸገራት ይመስል። ጥርሷን ነክሳ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።

«ገባሽ?»

«ገብቶኛል፣ ጋሼ።»

«ቦርሳሽ ውስጥስ ምንድን ነው? ከቅድም ጀምሮ ትነካኪዋለሽ።»

«የሥራ መልቀቂያዬ ነው።»

ደንግጠው አዩዋት፤ ከዚያም በእጃቸው ወደያዙት እስክሪብቶ አቀረቀሩ።

«ከቅጹ ሥር አድርገሽ ብትሰጪኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እሱንም ሳላየው እፈርምልሽ ነበር።»