የጋሽ አለሙ ማርሚታ

ቦንጋ ውስጥ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ጋሽ አለሙ አሮጌ ሞተራቸውን ይዘው መጡና "የሺሺንዳ ዳገት እያቃተው ነው፤ እስቲ ጉልበት ስጠው" አሉኝ። ማርሚታውን ከፍቼ ከውስጡ ድምፅ የሚያፍነውን ቱቦ አወጣሁት። ጭሱ መውጫ ሲሰፋለት ዳገቱ ሜዳ ሆነለት፤ ድምፁ ግን ሰፈር ያናውጥ ጀመር። እኔማ ኩራቴ ሌላ ነበር!

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። "እንደነበረ አድርግልኝ፣ ልጄ።"

"ምነው ጋሼ፣ ጎረቤት ተቆጣ?"

"ቡቺ አላውቅህ አለኝ።" ቡቺ ውሻቸው ነው። "ድሮ የሞተሬን ድምፅ ገና ከመታጠፊያው ሲሰማ ሮጦ ይቀበለኝ ነበር። አሁን አልጋ ሥር ይደበቃል። ባለቤቴ አስቴር ካረፈች ወዲህ ደግሞ ከሱ ሌላ ቤት የሚጠብቀኝ የለም።"

ደግነቱ የፈታሁትን ዕቃ ለባለቤቱ መመለስ ልማዴ ነው፤ እሳቸውም ቱቦውን በፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠውት ነበር። መልሼ በየድኩትና ድምፁን ለመሞከር ከኋላቸው ተፈናጥጬ ወደ ቤታቸው ሄድን። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ውሻው እየበረረ መጣ። ጋሽ አለሙ "አወቀኝ!" ብለው ሳይጨርሱ፣ አልፏቸው ወደኔ ዞረ። ለካ እትዬ አስቴር ከገበያ ሲመለሱ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ነበርኩ። አሸተተኝ፤ ከዚያ ትቶኝ በመጣንበት መንገድ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆመ።

ጋሽ አለሙም ሞተሩን ሳያጠፉ ዞረው አብረውት መንገዱን ያዩ ጀመር።