ሁለቴ የሚጫን ሰው

ግቢ እህቴ፣ ግቢ። ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ገና አልተጠረገም። ዝናቡ ያዘሽ እንዴ? እዚህ ተቀመጪ፣ ያኛው ወንበር እግሩ ይወዛወዛል። የአባትሽን ክላርኔት ልትወስጂ ነው የመጣሽው አሉኝ... ሣጥኑ ያው ጥጉ ላይ ነው፣ አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ አልብሼዋለሁ። «ትንፋሼ አልቋል፣ ከዘፈኑም አውጥተውኛል፣ ከእንግዲህ ይሸጥ» አሉ አይደል? እንግዲህ እሳቸው ካሉ... ግን ትንሽ አረፍ በይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል? በሩን ተዪው፣ ገርበብ ይበል። ወዲያኛው ክፍል ሰው አለ፣ ሥራ ላይ ነው። እኛ የምናወራው ደግሞ ምስጢር አይደለም።

እኔ አራት ቀን ጥርሴን አሞኝ ቀርቼ ዛሬ ጠዋት መግባቴ ነው። ጉንጬን አየሽልኝ? ጥርስ ክፉ ነው። አንዱ ይበላሽና ጤነኛውን ጎረቤቱን ያሳምመዋል። ለነገሩ ጥርስ ብቻም አይደል...

እና አሁን ቁጭ ብዬ አንድ የማውቀው ሰው ትዝ አለኝ። የት እንደሚሠራ አትጠይቂኝ፣ ሙዚቃ የሚሠራበት ቤት የትም አለ። ጎበዝ ነው! ጎበዝ ስልሽ ደግሞ... ጠንቃቃ። ሁሉን ነገር ሁለቴ ነው የሚያደርገው። የሊፍቱን ቁልፍ ሁለቴ፣ የበሩን ደወል ሁለቴ፤ መብራት አጥፍቶ ይወጣና ተመልሶ ያበራዋል፣ መጥፋቱን ለማረጋገጥ። አምስት ጣት እኩል አይደለም ይላሉ፤ የሱ ግን እኩል ናቸው፣ አንዳቸውም አንዴ ተጭነው አያምኑም። ሰማሽ?... ቀጭ፣ ቀጭ። አይ፣ ምንም አይደለም፣ የወዲያ ማዶው ሰው የኮምፒውተር ኪቦርድ ነው።

ይህን የምንሠራበትን ፕሮግራም አይተሽው ታውቂያለሽ? እኔ ከገባኝ ማን አይገባውም! ዘፈኑ በገጽ በገጽ ተከፍሎ ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ ይወርዳል፤ ለከበሮው አንድ ዓምድ፣ ለቤዙ አንድ ዓምድ፣ ለክላርኔቱ አንድ ዓምድ። ሁሉ ነገር በኪቦርድ ነው። አልት የሚባለውን ቁልፍ ይዘሽ ኤልን አንዴ ብትጫኚ፣ ያለሽበት ዓምድ ብቻ ይመረጥና ሰማያዊ ይሆናል። ሁለቴ ብትጫኚ ግን ገጹ እንዳለ ይመረጣል። ከዚያ አልትና ዜድ፤ የተመረጠው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ፕሮግራሙ ምን ያድርግ? የታዘዘውን ይሠራል። «ጌታዬ፣ ይሄን ሁሉ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አፍ የለው።

ያ ሰው ታዲያ አንድ ቀን ጭብጨባውን ከዘፈኑ ሊያወጣ ፈለገ። አንድ ዓምድ ጭብጨባ፣ ሌላ ምንም። መቼም ጠንቃቃ አይደል? አልትና ኤልን ሁለቴ ተጫነ። እንዲመረጥለት! ገጹ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሲሆን... አላየም። ስክሪን እያየ የሚሠራ ጀማሪ ነው ይላል፣ ዓይኑን ከጣቶቹ ላይ አያነሳም፤ ጣቶቹን ይወዳቸዋላ። ቆረጠው። ወደ ቀጣዩ ገጽ አለፈ፣ ደገመው። ስድስት ገጽ ሙሉ፣ እያፏጨ። ከዚያ ሴቭ አደረገው። ስንቴ ይመስልሻል?... ተባረኪ። ከዚያ ዘጋው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ አንዴ ከተዘጋ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ሲከፍተው የዘፈኑ ሆድ ባዶ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ እሱ ግን ብልሃት አያጣም። ከበሮ ይደጋገማል፣ ቤዝም ይደጋገማል። ካልነካው ከሁለተኛው ገጽ ኮፒ አደረገና በስድስቱም ባዶ ገጾች ላይ ለጠፈ። አየሽ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ የዘገየች አንዲት የከበሮ ምት አለች፣ ሥራውን ያስገባችው ሴትዮ ተሳስታ የተወቻት። አሁን ያቺ ምት ሌላ ስድስት ቦታ ትዘገያለች። ሴትዮዋ ፋይሉን ከፍታ ስትሰማ የገዛ ስህተቷ ተሰልፎ ጠበቃት። ሌባ ዱካውን ያጠፋል ይባላል፤ ይሄ የሷን ዱካ አባዛላት።

ክላርኔቱስ? እሱ ነዋ ጉዱ! ክላርኔት ነፊው ሽማግሌ ከሌላው ሰው ለየት ይላሉ፣ አንዴ የነፉትን ሁለተኛ አይደግሙትም። አሥራ አንድ ቀን እዚያች ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ድምፅ በድምፅ ቀዳን... ቀዱ ማለቴ ነው። እሳቸው እያንጎራጎሩ፣ ሴትዮዋ አንድ በአንድ እያስገባች። «እዚህች ጋ ትንሽ ታመንታ፣ አትቸኩል፣ ልጄ» ይላሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ከየትኛው ገጽ ኮፒ ታደርጊዋለሽ?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። የኛ ሰውዬ ለመልቀም ጎንበስ ይላል? እሱ አፍሶ ሲያበቃ «ድሮም እህል አልነበረውም» አለ! ሽማግሌውን አስጠራና ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «አባባ፣ ተወያየንበት። ትንፋሽዎ እያጠረ ነው። ለክብርዎ ስንል የእርስዎን ክፍል አውጥተነዋል።» ለክብርዎ! የተወያየው ከማን ጋር ይሆን? ከአልት ነው ከኤል? ኖታ ማንበብ ያስተማሩት እኚሁ ሰው ናቸው ብልሽስ ታምኚኛለሽ? እሳቸውም ሣጥናቸውን ዘጉና «እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፣ ልጄ» ብለው ወጡ። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ዛሬ ጠዋት ስትነግረኝ የጥርሴን ሕመም ረሳሁት።

ምነው እህቴ፣ ዓይንሽ እንባ አቀረረ? የአባትሽን ስም አነሳሁ እንዴ? ክላርኔት የሚነፋ ሽማግሌ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው? በይ ውኃ ጠጪ።

ሴትዮዋ ደግሞ፣ ይቅር ይበላትና፣ አንድ መጥፎ ጠባይ አላት። ሰው አታምንም። ከሥራ ስትወጣ የዕለቱን ሥራ በፍላሽ ይዛ ነው የምትሄደው። ስንቱ ስቆባታል መሰለሽ! «ምን ይጠፋል ብለሽ ነው?» የሚላት ነበር። እውነቱን ነው፣ እስከዚያ ድረስ ምንም አልጠፋም ነበር... እንኪ፣ ይህችን ያዢ። ከቁልፍሽ ጋር እሰሪያት፣ ትንሽ ናት፣ እንዳትወድቅብሽ። ስድስቱም ገጽ አሉ፣ አሥራ አንዱም ቀን አለ። አባትሽ ይስሙትና የማን ትንፋሽ እንዳጠረ ራሳቸው ይፍረዱ። ሣጥኑን ግን አትውሰጂው፣ መጥተው ራሳቸው ይክፈቱት።

የዘፈኑ ባለቤት ዘፋኟ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሥራዋን ልትሰማ ትመጣለች። አባባንም ይዘሻቸው ነይ፣ ወንበራቸውን ማንም አልነካውም። ኮምፒውተሩ ላይ የድሮውን መልሼ ጭኜዋለሁ። ማጫወቻውን እንዲጫንልን የማደርገው ማንን ይመስልሻል? አይዞሽ፣ እዚያ ላይ ጉዳት የለውም፤ ሁለቴ ከተጫነው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል፣ እኛም አባባን ሁለቴ እንሰማቸዋለን።

እሰይ... ወዲያ ማዶ ፀጥ አለ። ኪቦርዱ ደከመው መሰል።

ተነሺ በይ፣ ዝናቡም አባርቷል። እኔ በበኩሌ ለዚያ ለማውቀው ሰው ክፉ አልመኝም፣ ልጅነቱን አውቃለሁ። ረዥም ዕድሜ ይስጠው። ፀጉሩ እስኪሸብት ይሥራ፣ ይከበር፣ አባባ ይባል። ሲያረጅም እግዜር ብቻውን አይተወው፤ የዕድሜ ልክ ሥራውን የሚረከብ፣ ጎኑ ቁጭ ብሎ የሚማር፣ በጣቱም በአንደበቱም ቁርጥ እሱን የመሰለ ተማሪ ይስጠው። አሜን በይ እንጂ፣ እህቴ!... አሁንም ድገሚው፣ እሱ እንደሆነ አንዴ ከተባለ አያምንም።