ለፋኖሶቼ የተደረገ ጸሎት

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ሳስተምር አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ እወድ ነበር። ጎረቤቶቼ ግን የተሰበረ ፋኖስና የዛገ የከሰል ካውያ ታቅፌ ከገበያ ስመለስ ያዩኝና ችግረኛ እመስላቸው ነበር። አንድ እሑድ ከቸርች መልስ የእናቶች ኅብረት ሴቶች አዲስ ፋኖስ፣ አዲስ ካውያና የላንቴ ሙዝ ይዘው ቤቴ ገቡ። መሪያቸው እትዬ አማረች፣ “አትሳቀቅ ልጄ፤ እኛ እያለን በስባሪ ፋኖስ አትቸገርም” አሉኝ።

“ኧረ አልተቸገርኩም፤ ወድጄ ነው የምሰበስባቸው” አልኳቸው። እትዬ አማረች መደርደሪያዬ ላይ ያሉትን ፋኖሶች አንድ በአንድ አዩና ጠየቁኝ።

“ይበራሉ?”

“አይበሩም።”

እትዬ አማረች ወደ ሴቶቹ ዞረው በቀስታ፣ “የኑሮ ችግር አይደለም፤ እንጸልይለት” አሉ። እጃቸውን ጭነውብኝ ረጅም ጸሎት ጸለዩልኝ፤ እኔም ሳቄን አፍኜ አሜን አልኩ።

ሐሙስ ዕለት እትዬ አማረች ብቻቸውን መጡ። ከነጠላቸው ሥር ሟች ባለቤታቸው ይሰሙበት የነበረ፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ አወጡና ከፋኖሶቹ ጎን አስቀመጡት። “መጣል አቅቶኝ ስንት ዘመን ሳጥን ውስጥ ደብቄው ኖርኩ” አሉ። ከዚያ በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉና፣ “ለሴቶቹ እንዳትነግር፤ መጥተው ይጸልዩልኛል” አሉኝ።