ሄዶ የሚመለስ ዱላ

አማኑኤል ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ሳስተምር ነው። ስለ አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ባህል እየነገርኳቸው፣ የወረወሩት ዱላ ዞሮ እጃቸው ይገባል ብላቸው ክፍሉ በሳቅ አውካካ። በላይነሽ የምትባል ምላሰኛ ተማሪዬ ብድግ ብላ፣ «ቲቸር፣ እኛ ሰፈር የተወረወረ ዱላ የሚመለሰው የተመታው ሰው ይዞት ሲመጣ ነው» አትለኝም! እልህ ያዘኝ። በማግስቱ ከስስ ጣውላ እንደ ክርን የታጠፈ ዱላ ቆርጠን፣ ጠርዙን ሞርደን፣ በኖራና በቀይ አፈር ነጠብጣብ አስጊጠን ሜዳ ወጣን። ሠላሳ ጊዜ ወረወርን፣ ሠላሳ ጊዜ ሮጠን አመጣን። «ቲቸር፣ ተመለስ ይበሉት እንጂ!» እያሉ ተንከተከቱብኝ።

በዚህ መሀል ርእሰ መምህራችን አቶ ይልማ ደረሱ። «ልጆቹን የዱላ ውርወራ ነው የምታስተምራቸው?» ብለው ሲቆጡኝ፣ በላይነሽ ወረወረችው። ዱላው እየተሽከረከረ ወጣ፣ ከባሕር ዛፉ አናት ላይ ዞረና ቀጥታ ወደ እኛ! «መጣ! መጣ!» ልጁ ሁሉ ብትን አለ። እኔ መሬት ላይ ተደፋሁ፤ አቶ ይልማ ኮታቸውን ሰብስበው ግንድ ጀርባ ገቡ። በላይነሽ ብቻ ንቅንቅ አላለችም፤ ዱላው እግሯ ሥር ዱብ አለ።

ሜዳው በእልልታ ሲናጥ አቶ ይልማ ከግንዱ ጀርባ ወጡ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥለው ዱላውን አዩ። ኮታቸውን አውልቀው አሸከሙኝና፣ «ልጄ፣ እስቲ አያያዙን አሳዪኝ» አሏት።

የዚያን ዕለት የሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ደወል ሳይደወል ቀረ። ደወሉን የሚያስደውሉት ሰው ከልጆቹ ኋላ ተሰልፈው ተራቸውን እየጠበቁ ነበራ!